የእቁቡ ብር ባቡር ሆነ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 58 ነው፤ ባለቤቴ 64 ሆኖታል። የምንኖረው አቃቂ ነው፤ ከድሮው የባቡር ሀዲድ ብዙም አንርቅም። በትዳር 34 ዓመት ቆይተናል። እሱ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ልጆቻችን ራሳቸውን ችለዋል። የስድስት ዓመት የልጅ ልጃችን ቅዳሜና እሑድን እኛ ጋ ነው የሚውለው።

ነገሬን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ባለቤቴ ባቡር እየሠራ ነው። የልጆች መጫወቻ እንዳይመስልዎ። ውሃ የሚፈላበት፣ እሳት የሚነድበት፣ በእንፋሎት የሚሄድ የምር ባቡር ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው ያነሰው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፤ ክብደቱ ለሁለት ሰው አይነሳም። የሀዲዱ ስፋት 12.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ተኝቼም ብጠየቅ አልስተውም። ከኋላው ጋሪ ይታሰርና ሰው ተቀምጦበት ይጎትታል ይላል። አባቱ የምድር ባቡር እሳት አንዳጅ ነበሩ። እሱ ራሱ በልጅነቱ የተሳፈረው ሊቶሪና ነው፤ የእንፋሎቱን በወጉ አያውቀውም። የሚሠራው የአባቱን ወሬ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። መጠጥ ቤት ከሚውል ይሻላል ብዬ። ከዚያ የጎመን መደቤ ሄደ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ በአጥሩ ሥር ሀዲድ ይዘረጋል ተብሎ ጎመኔ ተነቅሎ ጠበቀኝ። እሺ አልኩ። አምና ደግሞ እቁብ ወጣልኝ፤ 45,000 ብር። የውሃ ሮቶ ልንገዛበት ነበር። “እኔ ገዝቼ አመጣለሁ” ብሎ ወሰደው። ሮቶው ተወደደ፣ ጠፋ፣ ይመጣል እያለ ከረመ። ለካ ምናለሽ ተራ ሄዶ መዳብና ነሐስ ገዝቶበታል! እሱ አይደለም የነገረኝ። ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ወረቀቱን አገኘሁት። ስጠይቀው “አንቺ ይሄ ነገር አይገባሽም” አለኝ።

አሁን ደግሞ ፍርሃቱ አለ። ቦይለር የሚሉት ከመዳብ የተሠራ በርሜል ነገር አለው። ይፈነዳል ብዬ እፈራለሁ። ስነግረው “ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ” ይላል። ለልጁ “ለፋሲካ አሳፍርሃለሁ” ብሎ ቃል ገብቶለታል፤ ልጁ ሌላ ወሬ የለውም። የሚመጣው እሑድ የሰፈራችን ጎሚስታ ኮምፕረሰሩን ይዞ መጥቶ ቦይለሩን በአየር ሞልተው ሊፈትኑት ነው። ከዚያ ልብሽ ይረጋል ይለኛል።

በሳምንቱ ወንድሙን ሊጠይቅ ድሬዳዋ ይሄዳል። ቆራሌ ጠርቼ ዋጋ ጠይቄያለሁ። መዳቡን በኪሎ ይወስድልኛል። ከብሬ ግማሹ እንኳ ቢመለስ አንድ ነገር ነው። እሱ በሌለበት ልሽጠው? ወይስ ዝም ብዬ ልይ? አንድ ነገር ልጨምር። ገና ያልገጠመው የባቡሩ ፊሽካ አለ። ማታ ማታ ጓሮ ሆኖ በአፉ እየነፋ ይሞክረዋል። ያኔ ብቻ ሳቄ ይመጣል።

የባቡሩ ሚስት፣ ከአቃቂ

---

እህቴ፣

ስለ መሸጡ ከመመለሴ በፊት፣ በአንድ መስመር ነካ አድርገው ያለፉት ነገር አለ። የእሑዱ ፈተና። ሌላው ሁሉ ይቆየን። እሱ ግን እንደታሰበው መደረግ የለበትም።

እኔ የባቡር ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ደብዳቤዎን ይዤ በፋብሪካ ቦይለር ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። እስከ ጎመኑ ድረስ እየሳቁ አነበቡት። “ኮምፕረሰር” የሚለው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። “እሑድ ስንት ቀን ቀረው?” ነው ያሉኝ መጀመሪያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ሲታመቅ እንደ ስፕሪንግ ነው። ተጨቁኖ ይቀመጥና መውጫ ሲያገኝ የተቀበለውን ጉልበት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይመልሳል። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ሰው የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ ጎሚስታው ራሱ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በአየር የተሞላ ቦይለር አንድ የብየዳ መስመሩ ቢለቅ መዳቡ እየተቀደደ ይበራል። ውሃ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ቢጨቁኑትም እዚህ ግባ የሚባል አይታመቅም። በቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ቦይለር ብየዳው ቢለቅ ፍጭጭ ይልና ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። ቢበዛ ልብስ ይረጥባል። ስለዚህ በየትም አገር ይህን ባቡር የሚሠሩ ሰዎች አዲስ ቦይለር የሚፈትኑት በውሃ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ እስከ አፉ ይሞላሉ፤ ውስጡ ምንም አየር እንዳይቀር ያደርጋሉ፤ ከዚያ በእጅ ፓምፕ ቀስ እያሉ ግፊቱን ይጨምራሉ። የሚደርሱትም ባቡሩ ሊሠራበት ከታሰበው ግፊት እጥፍ ድረስ ነው። ባለቤትዎ በ80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሊያስኬዱት ካሰቡ በ160 ይፈተናል ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የቤት መኪና ጎማ የሚሞላው 30 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ነው። የግፊት መለኪያው መርፌ ሳይወርድ ከቆየ፣ የትም ካላንጠባጠበ፣ መዳቡ የትም ካላበጠ አለፈ ይባላል።

እኚያ አባት አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ። ቦይለሩን የሠራው ሰው ብቻውን አይፈትነውም። ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረባት እንግሊዝም ወጉ ይኸው ነው። የሙያው ማኅበራት ቦይለሩን የሚያስመረምሩት በሌላ ሰው ነው፤ የምስክር ወረቀት የሌለው ባቡር ሀዲዳቸው ላይ አይወጣም። የሠሪው ሙያ ስለሚናቅ አይደለም። ሰው የራሱን ጉድለት ማየት ስለሚቸግረው ነው። አቃቂ ደግሞ ለዚህ ከየትኛውም ሰፈር ይሻላል። ፋብሪካው ብዙ ነው፤ ቦይለር ክፍል የሠራ ሰው አይጠፋም። ባለቤትዎ የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ቢያስታውሱ አንድ እንዲህ ያለ ሰው የሚያጡ አይመስለኝም።

እንግዲህ “ይህን እንዴት ልንገረው?” ይሉኛል። ባለቤትዎ በሙያቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው። “ተሳስተሃል” ብለው ከጀመሩ ነገሩ የቦይለር መሆኑ ይቀርና የክብር ይሆናል። እኔ ብሆን በጥያቄ እጀምራለሁ። “አዲስ ቦይለር መጀመሪያ የሚፈተነው በውሃ ነው አሉኝ። ለምንድን ነው ከአየር የሚሻለው? እስቲ አስረዳኝ” ይበሏቸው። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። ዕድሜውን ከብረት ጋር የኖረ ሰው ይህን ጥያቄ ሊመልስ አፉን ሲከፍት መልሱ ራሱ ይገለጥለታል። ካልሆነ ግን፣ እህቴ፣ ያን ጊዜ ይለማመጡ አልልዎትም። ልጁን እሑድ ወደ እናቱ ይላኩት፤ ጎሚስታውንም አስቀድመው በግልጽ ያነጋግሩት። እዚህ ላይ ማፈር አያስፈልግም።

ደግሞ ደስ የሚለው፣ እሑድ ባዶ ቀን አይሆንም። ኮምፕረሰሩ ለሌላ ሥራ በጣም ይፈለጋል። እነዚህን ባቡሮች የሚሠሩ ሰዎች እሳት ከማንደዳቸው በፊት ሞተሩን በአየር ያስኬዱታል። ቦይለሩ አይነካም። ባቡሩ ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ በእንጨት ላይ ይነሳል፤ የኮምፕረሰሩ የአየር መስመር ፒስተኑ ወዳለበት ሲሊንደር በቀጥታ በሚሄደው ቱቦ ላይ ይታሰራል፤ አየሩም ዝቅ ተደርጎ፣ ከ10 እስከ 20 ፒኤስአይ ብቻ፣ ይለቀቃል። ፒስተኑ ይመላለሳል፣ ዘንጎቹ ይሽከረከራሉ፣ ባቡሩ ቆሞ “ይሄዳል”። ልጁ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ሊያይ ይችላል። ባለቤትዎም ጎሚስታውን ጠርተው አያፍሩም።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ ልመለስ። ፍርሃትዎ የመሃይም ፍርሃት አይደለም። ይህን በትልቁ ቢጻፍልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እናንተ ሰፈር ድስት ላይ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከፍታው ነው እንዲህ የሚያደርገው። በ80 ፒኤስአይ የታፈነ ውሃ ግን 160 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ያ ውሃ ድንገት መውጫ ቢያገኝ ወዲያው ከፊሉ እንፋሎት ይሆናል። ብረት ድስት ክዳኑን ሲያነሳ እያየ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ቶርኖ ላይ መዋል አያስፈልገውም። ስለዚህ የውሃው ፈተና ቢታለፍም የሚጠየቅ ነገር አለ። ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። የውሃውን ልክ የሚያሳየው መስታወት የታለ? እሳቱ የሚነድበት ሳጥን ጣሪያ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ መሆን አለበት፤ ከውሃ በላይ ከወጣ መዳቡ ግሎ ይለሰልሳል፤ አደጋ የሚመጣውም በዚህ ነው። ውሃ የሚገባበት መንገድ ስንት ነው? አንድ ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ አንዱ ፓምፕ እንቢ ቢል ሌላ መኖር አለበት። ትርፍ እንፋሎት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ በስንት ይከፈታል? ሲከፈትስ በዓይን ታይቷል? ብየዳውስ በምንድን ነው? የሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱን አይችልም። ብር ያለበት የብየዳ ዘንግ ነው የሚያስፈልገው። ፍሪጅ ሠሪዎች ለመዳብ ቱቦ የሚጠቀሙበት አንዳንዱ ዘንግ ፎስፈረስ አለበት፤ የድንጋይ ከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ድኝ እሱን ይበላዋል። እኚያ አባት ይህን ሲነግሩኝ ወረቀት አስወጥተው አስጻፉኝ፤ ለባለቤትዎ እንዲደርስ ብለው ነው።

ልጁ ለፋሲካ ላይሳፈር ይችላል። መጀመሪያ አዋቂዎች ብቻ ሆነው ብዙ ጊዜ ሊያነዱት ይገባል። ቃሉን የገቡት አያት ስለሆኑ ቀኑንም የሚያራዝሙት እሳቸው ይሁኑ። እርስዎ “አይሆንም” ባይዋ አያት እንዲሆኑ አልፈልግም። እሑድ ሞተሩ ሲሽከረከር ያየ ልጅ እስከ እንቁጣጣሽም ይታገሣል።

መሸጡን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። አይሽጡት። ቆራሌ የሚመዝነው መዳብ ነው፤ የባለቤትዎን ድካም በኪሎ አይቆጥርልዎትም። ከዚያም በላይ፣ ዛሬ ተበዳይዋ እርስዎ ነዎት። ብርዎ ሳይነገርዎ ተወስዷል። እሳቸው ድሬዳዋ እያሉ ቦይለሩ ቢወጣ ግን በሚቀጥለው ቀን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው። የ45,000 ብሩ ነገር እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። (በቅንፍ፦ ኬብል እየተቆረጠ በሚሰረቅበት ዘመን ከቤት መዳብ ጭኖ ማስወጣት ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።)

ብሩ ግን ይቅር አልልዎትም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈለግሁ። ከሁሉ የበለጠ የጎዳዎት የቱ ነው? የሮቶው መቅረት ነው? ወራት ሙሉ “ይመጣል” መባልዎ ነው? ወይስ “አይገባሽም” የሚለው ቃል? ለራስዎ ሳይመልሱ ወደ ንግግሩ አይግቡ። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ የሚጠይቁትም ነገር ይለያያል። ለሮቶው ብር ይመለሳል። ለውሸቱ “ለምን ደበቅከኝ?” የሚል ጥያቄ አለ። ለሦስተኛው ይቅርታ ነው የሚያስፈልገው።

ለምን እንደደበቁ ስገምት፣ ሮቶና ባቡር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ባቡሩ እንደሚሸነፍ ስላወቁ ይመስለኛል። አቃቂ ውሃ በጀሪካን እያጠራቀመ ለሚኖር ቤት “ሮቶው ይቅርና መዳብ ልግዛ” ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ይህ ግን ጥፋቱን አያቀልለውም። እቁቡ የእርስዎ ነው።

ስለዚህ ሁለታችሁ ብቻ የምትነጋገሩበት ጊዜ ይውሰዱ። ጓሮ አይሁን፤ ባቡሩ አጠገብ ከሆነ ዓይናቸው እዚያው ይቀራል። ልጁ በሌለበት፣ ከቡና በኋላ። ስለ ቦይለሩ አያንሱ፤ ስለ ብሩ ብቻ። እስካሁን ጠቅላላ ስንት እንደወጣና ለመጨረስ ምን እንደቀረ በወረቀት ይጻፉልዎ። ከዚያ በወር ከጡረታው ለባቡሩ የሚወጣው ስንት እንደሆነ ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ዜሮም ሊሆን ይችላል፣ ሮቶው እስኪገዛ። ደግሞ ባለቤትዎ ሙያ አላቸው። ቶርኖ የሚችል ሰው በሰፈሩ ሥራ አያጣም፤ የወፍጮ ቤት ዘንግ፣ የባጃጅ ዕቃ፣ የበር ማጠፊያ። የሮቶውን ብር በእጃቸው ሠርተው ቢመልሱት ለእሳቸውም ክብር ነው። እስከ መቼ? ቀን ይቆረጥለት። እቁብም እኮ ቀን አለው።

የጎመኑ ነገር ግን በቀላሉ የሚፈታ ነው። ሀዲዱ መሬት ላይ ተቀብሮ መኖር የለበትም። እንዲህ ያለ ሀዲድ ሁለት ሁለት ሜትር እየሆነ ከጠፍጣፋ ብረትና ከእንጨት ይሠራል፤ በሚነዳበት ቀን ይገጣጠማል፤ ሲያልቅ ተነስቶ ግድግዳ ላይ ይደገፋል። የባቡሩ ቀን በወር ሁለት ቢሆን ነው። የጎመን ቀን ግን በየቀኑ ነው። መደብዎን ይመልሱልዎ። ጎረቤትንም ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ጭስና ፊሽካ ድንገት ሲሆን ያስደነግጣል። ባልዲ ውሃም አይራቅ፤ ብልጭታ ይወጣዋል።

አሁን አንድ ያላሰቡትን ነገር ልንገርዎ። ያ ተኝተውም የማይስቱት 12.7 ሳንቲ ሜትር አምስት ኢንች ነው፤ በእንግሊዝ ሰዎች ዘንድ ለዚህ ሥራ ከሚወደዱት የሀዲድ ስፋቶች አንዱ። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የድሮው ሀዲድ ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ነበር። አንድ ሜትርን ለስምንት ቢያካፍሉት 12.5 ይመጣል። ባለቤትዎ የሠሩት የአባታቸውን ባቡር ስምንተኛ ያህል ነው። በአጋጣሚ አይመስለኝም። እንፋሎቱን በ1940ዎቹ ዲዝል እየተካው ሄደ፤ እሳቸው ገና አልተወለዱም። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ሀዲዱም ሰፋ፣ ጣቢያውም ከለገሃር ወደ ፉሪ ለቡ ሄደ። እናንተ ሰፈር የቀረው የአባትየው መንገድ ነው፤ ያውም ባቡር የማይሄድበት። ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? አባታቸው በየትኛው መስመር እንደሠሩ፣ እሳቱን በምን እንዳነደዱ፣ ማታ ቤት ሲገቡ ምን ምን እንደሚሸቱ?

ድሬዳዋ ብቻቸውን ከሚሄዱ አብረው ቢሄዱስ? ከተማዋ የተቆረቆረችው በባቡሩ ነው፤ ዋናው ወርክሾፕም እዚያ ነበር። ወንድምየው ቤት ቡና ላይ ስለ አባታቸው ወሬ መነሳቱ አይቀርም። ባለቤትዎ ለእርስዎ ያልነገሩትን ለወንድማቸው ሲያወሩ መስማት ይችላሉ። ትኬቱ ብር ያስወጣል፣ አውቃለሁ። ቆራሌውን መልሰው ከላኩት በኋላ ያስቡበት።

እስከዚያው ግን የቅርቡ ነገር እሑድ ነው። ውሃ እንጂ አየር ወደ ቦይለሩ እንዳይገባ። ጎሚስታው ኮምፕረሰሩን አምጥቶ ሞተሩ በእንጨት ላይ ሲሽከረከር ጠጋ ብለው ይዩ። እኚያ የቦይለር አባት እንደነገሩኝ ፊሽካውም በአየር ይሠራል፤ በትንሽ ቱቦ ማገናኘት ብቻ ነው። በአፍ ከሚነፋው ጋር አይወዳደርም አሉ። ባለቤትዎ ቫልቩን ከመክፈታቸው በፊት “ቆይ፣ እኔ ልክፈተው” ይበሏቸው።